ከጅዳ ወደ መካ፦ የአንድ ሰዓት መንገድ፣ የሦስት ወር ዝግጅት

ጅዳንና መካን የሚያገናኘው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ፣ በፈጣን ባቡር ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደረስበታል። ርቀቱ ይህን ያህል አጭር በመሆኑ መኖሪያቸውን ከአንደኛው ከተማ ወደ ሌላው የሚያዛውሩ ብዙ ቤተሰቦች ጉዳዩን ከሰፈር ለውጥ አስበልጠው አያዩትም። የጭነት መኪና መከራየት፣ ዕቃ መጫንና ቁልፍ መረከብ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሚደረግ ዝውውር ወጪውን የሚወስነው የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። የኪራይ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ የሐጅ ወቅት መግቢያና የመኖሪያ ፈቃዱ ሁኔታ ሳይጣጣሙ ከቀሩ የአንድ ሰዓቱ መንገድ የወራት ቁጠባን ሊበላ ይችላል።

በምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ጉዳዩ ተራ የቤት ጣጣ አይደለም። አብዛኞቹ ከሚያገኙት ገቢ ላይ ቀንሰው በወሎ፣ በጅማ፣ በአርሲ፣ በሐረርጌ ወይም በአዲስ አበባ ለሚገኝ ቤተሰብ ይልካሉ። ያለ ዕቅድ ለዝውውር የወጣ ገንዘብ የሚጎድለው ከዚሁ ድጋፍ ነው። የእናት መድኃኒት፣ የወንድም የትምህርት ክፍያ ወይም የዒድ ወጪ በአንድ ያልተሰላ ወር ምክንያት ሊስተጓጎል ይችላል።

ጥንታዊ መንገድ

የሁለቱ ከተሞች ትስስር ረጅም ዘመን አስቆጥሯል። ቀድሞ የመካ ወደብ ሹዐይባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦች በመርከብ የተሳፈሩት ከዚያ እንደነበር በታሪክ ይነገራል። በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 647) ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን ጅዳን የመካ ወደብ እንድትሆን መረጡ። ከዚያ ወዲህ በባሕር የመጣ ብዙ ሑጃጅ በዚህ መንገድ አልፏል። በግመል ዘመን ጉዞው ሁለት ሌሊት ያህል ይወስድ ስለነበር፣ በመካከል በምትገኘው ባሕራ ላይ ይታረፍ ነበር። ተጓዡም የግመሉን ኪራይና ስንቁን ሳያሰላ አይነሳም ነበር።

ዛሬ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የተመረቀውና 450 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረመይን ፈጣን ባቡር መካን፣ ጅዳንና መዲናን በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ያገናኛል። መንገዱ ቢያጥርም የስሌቱ አስፈላጊነት አልቀረም።

ወቅቱን አስቀድሞ ማየት

ወደ መካ የሚዛወር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው የሂጅራውን ቀን መቁጠሪያ ነው። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ወደ መካ መግባት በፈቃድ ይሆናል። ለአብነት በ1446 ዓመተ ሂጅራ ከሸዋል 25 (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2025) ጀምሮ መግባት የሚችሉት ኢቃማቸው ከመካ የተሰጠ፣ በቅዱሳን ቦታዎች ለመሥራት ፈቃድ ያላቸው ወይም የሐጅ ፈቃድ የያዙ ነዋሪዎች ብቻ እንዲሆኑ ተደርጓል። የመግቢያ ፈቃዱም በአብሸርና በሙቂም የኤሌክትሮኒክ አገልግሎቶች በኩል የሚሰጥ ነበር። በጅዳና በመካ መካከል በሚገኘው የሹሜሲ ኬላ ፈቃድ የሌለው ሰው ይመለሳል። ኢቃማው ከጅዳ የተሰጠ ሠራተኛ በዙልቃዕዳ ወር ዕቃውን ጭኖ ቢነሳ፣ የቤቱን ኪራይ ከፍሎ ሳለ በኬላው ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ዘመድ በጉብኝት ቪዛ አስመጥተው አብረው የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በዚያው ዓመት ከዙልቃዕዳ 1 እስከ ዙልሒጃ 14 የሐጅ ቪዛ የሌላቸው ጎብኚዎች በመካ መግባትም ሆነ መቆየት ተከልክለው ነበር። ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ ሰው እስከ 20,000 ሪያል፣ እንዲህ ያለውን ጎብኚ በቤቱ ያስጠለለ ወይም ያጓጓዘ ደግሞ እስከ 100,000 ሪያል እንደሚቀጣ ተደንግጓል። እናቱን በጉብኝት ቪዛ ያስመጣ ሰው የዝውውሩን ቀን ሲመርጥ ይህን ክልከላ ማስላት ግድ ይለዋል።

ወቅቱ በቤት አቅርቦትም ላይ ጫና አለው። እንደ ዐዚዚያ ባሉ ለቅዱሳን ቦታዎች ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች ብዙ ሕንፃዎች በሐጅ ወቅት ለሑጃጅ ማረፊያ ይውላሉ። ስለሆነም ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ ከወቅቱ ርቆ መፈለጉ፣ እንደ ሸራኢዕና ሸውቂያ ያሉ ራቅ ያሉ ሰፈሮችንም ማየቱ ይጠቅመዋል።

ውሉ የሚያስረው ቀን

ሁለተኛው ወሳኝ ቀን የሚገኘው በጅዳ በሚለቀቀው ቤት ውል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በወጣው ደንብ መሠረት በመላ አገሪቱ የኪራይ ውል በራሱ ይታደሳል። መልቀቅ የሚፈልግ ወገን ውሉ ከማብቃቱ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ይህን ሳያደርግ አዲስ ቤት የያዘ ተከራይ የሁለት ቤት ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። በዚያው ጊዜ የተደነገገው የአምስት ዓመት የኪራይ ጭማሪ እገዳ ሲወጣ የሪያድን ከተማ የሚመለከት ስለነበር፣ የጅዳና የመካ ተከራይ ዋጋው ባለበት ይቆያል ብሎ ማቀድ የለበትም።

አዲሱ ውል በኢጃር መመዝገቡን ማረጋገጥ ደግሞ የመብት ጉዳይ ነው። የተመዘገበ ውል በአፈጻጸም ፍርድ ቤት የሚጸና ሰነድ ሲሆን፣ በቃል ወይም በወረቀት ብቻ የተደረገ ስምምነት ግን ክርክር በተነሳ ጊዜ ተከራዩን አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ በኢጃር የክፍያ መንገዶች እንዲፈጸም ስለተደረገ፣ ለደላላ ወይም ለሐሪስ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ማስረጃ አይሆንም።

ውሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ማየትም ተገቢ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከፈረንጆቹ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ለምሳሌ በዓመት 18,000 ሪያል የሚከፈልበት ቤት በሂጅራ ከተዋዋሉበት የሚያጥረው የ11 ቀን ኪራይ ከ500 ሪያል በላይ ነው። ደመወዙን በፈረንጆቹ ወር የሚቀበል ሠራተኛ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

የጅዳ ነዋሪዎች የችኮላ ዝውውር ምን እንደሚያስከፍል ከቅርብ ጊዜ ተሞክሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ጉለይል፣ ፔትሮሚንና ከረንቲናን ጨምሮ በርካታ ነባር ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ተከራዮች በአጭር ጊዜ ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተያዘ ቤት ብዙ ጊዜ በውድ የተያዘ ቤት ነው። ከዚህ በመነሳት በመካም ቢሆን ውል ከመፈረም በፊት ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሙሉውን ወጪ ማስላት

ብዙ ሰው የሚያሰላው የመጀመሪያውን የኪራይ ክፍያ ብቻ ነው። ሙሉው ሂሳብ ግን ከዚያ ይሰፋል። ለስሌት ያህል ዓመታዊ ኪራዩ 18,000 ሪያል የሆነና በሁለት ጊዜ የሚከፈል ቤት እንውሰድ። የመጀመሪያው ክፍያ 9,000 ሪያል ነው። የደላላው ድርሻ የተለየ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ በደንቡ መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ 2.5 በመቶ፣ ማለትም 450 ሪያል ይሆናል። ለመያዣ 900 ሪያል ተጠየቀ እንበል። የጭነት መኪናውና የጫኞቹ ዋጋ 1,000 ሪያል ቢሆን፣ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 1,150 ሪያል ይደርሳል። አሮጌውን ቤት ለማጽዳትና ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ሁለቱም ቤቶች ቢያዙ፣ ወርኃዊ ኪራዩ 1,500 ሪያል ለሆነው የጅዳ ቤት 750 ሪያል ይጨመራል።

ድምሩ 12,250 ሪያል ነው። ለመጠባበቂያ አሥር በመቶ ሲታከልበት 13,475 ሪያል ይሆናል። ዋጋው እንደ ሰፈሩና እንደ ዕቃው ብዛት ቢለያይም፣ በዚህ ስሌት 9,000 ሪያል ይዞ የተነሳ ሰው የሚያስፈልገውን ሲሶ ያህል ገንዘብ አጉድሏል። ጉድለቱን በብድር የሚሸፍነው ከሆነም የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ለዕዳ ይውላል።

በመካ እየኖረ ጅዳ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ደግሞ የምልልሱን ወጪ መጨመር አለበት። በቀን 160 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 የሥራ ቀን ሲታሰብ 3,520 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና፣ ባለ 91 ቤንዚን ሊትሩ በ2.18 ሪያል ሂሳብ፣ ለነዳጅ ብቻ 770 ሪያል ገደማ ታስወጣለች። በመካ ያለው ቤት ከጅዳው በወር ከዚህ ባነሰ መጠን ብቻ የሚረክስ ከሆነ ዝውውሩ በገንዘብ ረገድ ትርፍ የለውም።

ሥራ፣ ኢቃማና የጭነቱ ቀን

ዝውውሩ የመጣው ከአሠሪው ከሆነ ሠራተኛው መብቱን ሊያውቅ ይገባል። የሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 58 አሠሪ ሠራተኛውን የመኖሪያ ለውጥ ወደሚያስከትል ቦታ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ እንዳያዛውር ይከለክላል። ለአስፈላጊ ሥራ በዓመት ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ሌላ ቦታ እንዲሠራ ቢያደርገውም የጉዞና የማረፊያ ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። የቤት ሠራተኞች ግን በራሳቸው ደንብ ስለሚተዳደሩ፣ ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር ወደ መካ የምትሄድ እህት በሐጅ ወቅት የመግቢያ ፈቃዷ በአሠሪዋ በኩል መውጣቱን አስቀድማ ማረጋገጥ ይኖርባታል።

በጭነቱ ቀን የሚረሳ አንድ ጉዳይም አለ። በጎዳናው ላይ የተዘረጋ ቁርኣን በረሕል ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ የተሠራው የመካ በር እንደሚያስታውሰው፣ ወደ ሐረም ክልል መግባት የሚፈቀደው ለሙስሊሞች ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪናው አሽከርካሪና ጫኞቹ ሙስሊሞች መሆናቸው ሲዋዋሉ መረጋገጥ አለበት። በጅዳ ዕቃ ለመጫን የሚያግዝ ክርስቲያን ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ቢኖር፣ ለማውረዱ ሥራ በመካ ሌላ ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ከደረሱ በኋላም ሥራው አያበቃም። ብሔራዊ አድራሻን ማደስ፣ በተከራዩ ስም የተመዘገበ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ካለ ሂሳቡን ዘግቶ ማስረከብ፣ የአሮጌውን ቤት ሁኔታ ፎቶ አንስቶ መያዣን ማስመለስ ይቀራል። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በጅዳ በመሆኑ፣ ፓስፖርት ማሳደስ የቀረበው ሰው ከመልቀቁ በፊት ጉዳዩን ቢጨርስ የደርሶ መልስ ወጪ ይቀርለታል።

ይህ ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ በቅደም ተከተል ሊከናወን ይችላል። 90 ቀን ሲቀረው የሂጅራውን ቀን መቁጠሪያና ኢቃማውን መመልከት፣ ገንዘብ መለየት መጀመር፤ ከ60 ቀን በፊት ውሉን እንደማያድሱ በኢጃር ማሳወቅ፤ 30 ቀን ሲቀረው አዲሱን ውል አስመዝግቦ የጭነት መኪናውን መያዝ፤ በመጨረሻው ሳምንት የአገልግሎት ሂሳቦችን መዝጋት። ወደ አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ለይቶ ያስቀመጠ ቤተሰብ ዝውውሩ ቢያደክመውም ከርቀት የሚጠብቁትን ወገኖቹን አያስጨንቅም።