የልብስ ንድፍ እና የሚኤሶ አለባበስ

የልብስ ንድፍ አውጪ የሠራው ሥዕል በቤተ መዘክር ሲታይ ያልተጨረሰ ይመስላል። መስመሩ የተጣደፈ ነው፤ ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ ይፈሳል፤ ፊትና እጅ ብዙ ጊዜ በደንብ አይሣሉም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን ካስረዳን በኋላ፣ ነገሩ ለሚኤሶ አለባበስ ጥናት ምን እንደሚጠቅም ለማመልከት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ ንድፍ ለሰፊው የሚሰጥ ትእዛዝ እንጂ የልብሱ ምስል አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያ ሥራዎቹን በፓሪስ ያሳየው ክርስቲያን ዲዮር ብዙ ንድፍ በፍጥነት ይሥል ነበር። ከነዚህ የተመረጡትን ሠራተኞቹ አስቀድመው በተራ የጥጥ ጨርቅ ይሞክሯቸዋል፤ ውዱ ጨርቅ በመቀስ የሚቈረጠው ቅርጹ ከተስማማ በኋላ ነው። ስለዚህ ንድፉ የትከሻውን አወራረድ፣ የወገቡን ጥበትና የቀሚሱን ስፋት ካሳየ ይበቃል፤ የስፌቱን ነገር ሰፊው ያውቀዋል። ቀለሙም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጨርቅ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይናገራል። የዲዮር ረዳት የነበረው፣ በአልጄሪያ በኦራን ከተማ የተወለደው ኢቭ ሳን ሎራን፣ በሥራ ወረቀቶቹ ላይ ከንድፉ ጋር የጨርቁ ቁራጭ ይያያዝ ነበር። እነዚህ ወረቀቶች እ.ኤ.አ. በ2017 በፓሪስ በተከፈተው ቤተ መዘክሩ ተጠብቀው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ሚኤሶ እንመለስ። ሚኤሶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ያለፈባት፣ ኦሮሞና ሶማሌ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የሶማሌ ሴቶች ጉንቲኖ አንድ ረጅም ጨርቅ ነው፤ በአንድ ትከሻ ላይ ይቋጠርና በወገብ ላይ ይጠመጠማል። የወንዶቹም ሽርጥ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ይታሰራል። ለእንዲህ ያለ ልብስ ወረቀት አላስፈለገም፤ ቅርጹን የሚያወጣው የለባሹ እጅ ነውና።

ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። የዲዮር ቀሚስ ቢጠፋ ንድፉ ይመሰክራል። ጉንቲኖ ግን ሲፈታ ተመልሶ ጨርቅ ይሆናል፤ ቤተ መዘክር አጥፎ ቢያስቀምጠው ያገኘው ጨርቁን እንጂ ልብሱን አይደለም። ፎቶግራፍ ያለቀውን መልክ ያሳያል፤ ነገር ግን አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደ ተያዘና ቋጠሮው ከምን እንደ ተጀመረ አይነግረንም። ተከታታይ የሆኑ አራት ወይም አምስት ፈጣን ንድፎች ግን ይህን ሊያስረዱ ይችላሉ።

የተሰፋ ልብስ ከፋብሪካ እየመጣ በሚሸጥበት በዚህ ዘመን አጠማጠሙን የሚያውቁ እናቶች ሳያልፉ ሥራው ቢጀመር መልካም ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች እርሳስና ቀለም ይዘው፣ የለባሿን ፈቃድ ጠይቀው፣ የቋጠሮውን ስም በባለቤቶቹ ቋንቋ እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። ሥዕሉ የተዋበ እንዲሆን አያስፈልግም፤ ሌላ ሰው ያንን አይቶ ልብሱን መልበስ ከቻለ ንድፉ ሥራውን ፈጽሟል።