ከኢሜይል ላይ ተከፍቶ የታረመ ጽሑፍ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ በኢሜይል ላከልኝ። ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ፣ የሟች አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ እድሩ ስለሚሸፍነው ወጪ የሚናገረውን አንቀጽ እስከ እኩለ ሌሊት አረምኩ። ሴቭ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ለአባላት ለማስተላለፍ ያንኑ ኢሜይል ብከፍት አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም። ስብሰባው በዚያው ቀን ስለነበር በአሮጌው ረቂቅ ተወያየን፤ አንቀጹም እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ሳይሻሻል ቀረ። ጥፋቱ የእኔው አለማወቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ ፋይል እንደተላከ ይኖራል። ስንከፍተው ኮምፒውተሩ ሌላ ቅጂ ያወጣል፤ የምናርመውም ቅጂውን ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ቅጂው የት ተቀመጠ የሚለው ነው።

ጂሜይልን በብሮውዘር የሚጠቀም ሰው ያወረደው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ዳውንሎድስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገኛል። እርማቱም እዚያው ስላለ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቀድሞው አውትሉክ ነው። እርሱ ቅጂውን በተለመደው መንገድ በማይታይ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል። ሴቭ ብንልም ጽሑፉ የሚገባው እዚያው ነው፤ ፋይሉና ፕሮግራሙ ሲዘጉም ሊሰረዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የወጡት የወርድ ፕሮግራሞች ከኢሜይል የመጣን ፋይል በመጀመሪያ ለንባብ ብቻ ይከፍቱታል፤ ከላይም ቢጫ ማሳሰቢያ ያሳያሉ። ይህ የተደረገው ቫይረስን ለመከላከል ነው። ብዙዎቻችን ግን ማሳሰቢያውን ሳናነብ ለማረም የሚፈቅደውን ቁልፍ ተጭነን እንቀጥላለን።

ጽሑፉ የጠፋበት ሰው ቶሎ ተስፋ አይቁረጥ። ወርድን ከፍቶ በቅርቡ የተከፈቱትን ፋይሎች ዝርዝር ይመልከት። ጊዜያዊው ቅጂ ገና ካልተሰረዘ ከዚያ ሊከፈት ይችላል። ከተገኘ ወዲያውኑ ሴቭ አዝ ብሎ በሚያውቀው ፎልደር ያስቀምጠው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። አንዲት ቃል ከመነካቷ በፊት ፋይሉን በሴቭ አዝ ዶክመንትስ ውስጥ ማኖር፣ በስሙም ላይ ቀኑን መጨመር ይበጃል። መልሰን ስንልክም የመጣውን ኢሜይል ፎርዋርድ ማድረግ የድሮውን ፋይል መልሶ መላክ ስለሆነ፣ ያረምነውን እንደ አዲስ ማያያዝ አለብን።

አበው ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ። የአንድ ደቂቃ ጥንቃቄ የአንድ ሌሊት ድካም ታድናለች።

ቸር ይግጠመን።