ይቅር ባዩ ማን ነው? ስለ በዳይ አገልጋዮች ተጠያቂነትና ስለ ይቅርታ



ንግግሬን ከአንድ ወረቀት እጀምራለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ በአንድ አጥቢያ በአንድ አገልጋይና በአንዲት የመዝሙር ክፍል አባል መካከል የተነሣውን ጉዳይ እንዲያዩ ከተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርሁ። ከሃያ ዓመት ብዙም አትዘልም። የደረሰባትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። እኛ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ስለ ይቅርታ ሰበክንላት። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ ስለ እግዚአብሔር ብላ ይቅር ማለቷን ተናገረች። የዕርቁን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ። “አለመግባባት” የሚለውን ቃል የመረጥሁትም እኔው ነኝ። አገልጋዩ በሚቀጥለው እሑድ በቦታው ቆመ፤ እርሷን ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥቢያ ያያት የለም።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከሩቅ ቆሞ እንደሚፈርድ ሰው አይደለም። የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ አገልጋይ ምእመኑን ሲበድል፣ በተለይም በሥልጣኑ ተጠቅሞ ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጽም፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሰብከው ይቅርታና ልትጠይቀው የሚገባት ተጠያቂነት እንዴት ይገናኛሉ? የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያሉን ቃላት ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው። “ይቅር” የሚለው ቀረ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ የሚገባኝ ካሣ ወይም በቀል ይቅርብኝ እንደ ማለት ነው። እንግዲያው ይቅር ማለት የሚችለው የሚቀርበት ነገር ያለው ሰው ብቻ ነው። ምሕረት ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከፈጣሪ፣ ከንጉሥ፣ ከዳኛ። ሥርየት የኃጢአት መደምሰስ ሲሆን በንስሐ መንገድ ይገኛል። ዕርቅ ሁለት ወገን ይሻል፤ ካሣ የጎደለውን ይሞላል። እኛ ሦስት ሽማግሌዎች በዚያ ቀን ያደረግነው እነዚህን አምስቱን በአንድ ከረጢት ከትተን ሁሉንም ከአንዲት ልጅ መጠየቅ ነበር። ካሣውን ማንም አላነሣውም።

የይቅርታ ትምህርት ራሱ የበደል መሣሪያ ሲሆን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልተርክ። ጆን ሃዋርድ ዮደር (1927–1997) አሜሪካዊ የሜኖናይት የነገረ መለኮት ሊቅ ነበር። ሜኖናይቶች ጦር ባለማንሣትና በሰላም ትምህርታቸው የታወቁ ናቸው፤ የሀገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አጀማመር ከእነርሱ ተልእኮ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደሉም። ዮደር በ1972 “የኢየሱስ ፖለቲካ” የተባለውን መጽሐፍ አሳትሞ ከራሱ ማኅበረ ምእመናን አልፎ በዓለም የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተነባቢ ሆነ። እኔም በተማሪነቴ አንብቤዋለሁ፤ ወድጄውም ነበር።

ይኸው ሰው በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሲያስተምር በሴት ተማሪዎቹና በሚያውቃቸው ሌሎች ሴቶች ላይ ለዓመታት ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጽም ኖረ። የታሪክ ተመራማሪዋ ሬቸል ዎልትነር ጉሰን በ2015 ባሳተመችው ጥናት የተበዳዮቹ ቁጥር ከመቶ በላይ እንደሚገመት ተመዝግቧል። ዮደር ድርጊቱን በክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ላይ የሚደረግ ሙከራ አድርጎ ያቀርበው ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነገሩን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ለዓመታትም በደብዳቤ ሲከራከሩት ቆዩ። በ1984 ከኮሌጁ እንዲለቅ ተደረገ፤ ምክንያቱ ግን ለሕዝብ አልተገለጠም። እርሱም በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ቀጠለ።

አስደናቂው ነገር መከላከያው ነው። ዮደር ደጋግሞ የጠቀሰው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ነው። ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ብቻውን አነጋግረው፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር የሚለውን ሥርዓት ማለቴ ነው። በዚህ መሠረት የከሰሰችው ሴት አስቀድማ ፊት ለፊት እንድታነጋግረው ይጠይቅ ነበር። ቃሉን በቃሉ ብንወስደው ትክክል ይመስላል። ሆኖም ያ ሥርዓት የተነገረው በወንድማማቾች መካከል ነው። አንደኛው በዓለም የታወቀ መምህር፣ ሌላይቱ የመመረቂያ ጽሑፏ በእርሱ እጅ ያለ ተማሪ ስትሆን “ብቻውን አነጋግሪው” ማለት ወደዚያው ክፍል ተመልሰሽ ግቢ ማለት ነው። ደግሞም ምዕራፉ በዚህ ሥርዓት አይጀምርም። የሚጀምረው በሕፃን ነው፤ ከታናናሾች አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም እንደሚሻለው ከሚናገረው ከባድ ቃል በኋላ ነው ስለ ወንድም በደል የሚነሣው። ሰባ ጊዜ ሰባት የሚለውም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰባኪዎቻችን የምዕራፉን መጨረሻ በቃል ይዘው መጀመሪያውን የሚረሱበት ምክንያት ምን ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በአንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5ም እንዲሁ ነው፤ በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል የሚለው በየጉባኤው ይጠቀሳል፤ ቀጥሎ የሚገኘው፣ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ የሚለው ግን አይነበብም።

በ1992 ስምንት ሴቶች በአንድነት ቀርበው መሰከሩ። ለየብቻቸው ሳሉ አንድም ሰሚ ያላገኙት ስምንት ሲሆኑ ተሰሙ። የዮደር የአገልግሎት ፈቃድ ታገደ፤ አራት ዓመት የወሰደ የተግሣጽ ሂደትም ተጀመረ። በ1996 ሂደቱ ተፈጽሟል ተባለና ወደ ማስተማርና ወደ መጻፍ እንዲመለስ ተበረታታ። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። የአራቱ ዓመት ድካም ያተኮረው እርሱን በመመለስ ላይ ነበር፤ ሴቶቹ የሂደቱ መነሻ ሆነው መድረሻው ላይ አልነበሩም። ኮሌጁ በይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው በ2015 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው “ታዲያ ንስሐ የገባን ሰው መመለስ የወንጌል ልብ አይደለምን?” ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያንም አስባበታለች። ከሐዋርያት ቀኖናት አንዱ፣ በግሪኩ አቆጣጠር 25ኛው፣ ጳጳስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን በዝሙት ወይም በሐሰት መሐላ ወይም በስርቆት ቢገኝ ከሹመቱ ይሻር ይላል፤ ከቁርባን ግን አይለይ። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ቅጣት አይገባም። ይህን ቀኖና ስንመረምረው ልብ የሚያሳርፍ ጥበብ አለበት። ሰውየው ከማዕድ አልተባረረም፤ የክርስቲያንነት በሩ ክፍት ነው። ሹመቱ ግን ሄዷል። ይቅርታ ለነፍሱ ነው፤ ወንበሩ ለማኅበሩ ጥበቃ የተሰጠ አደራ ስለ ሆነ በይቅርታ አይመለስም። እኛም በሀገራችን ይህን ልዩነት ከጥንት እናውቀዋለን። ሚስቱ ሞታበት ሁለተኛ ያገባ ቄስ “ክህነቱ ፈረሰ” ይባላል፤ ይሁንና ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ እኩል ቤተ ክርስቲያን እንደሚስም ያውቃል፤ የሚጠላውም የለም። ኃጢአት ባልሆነ ነገር ክህነት የሚፈርስበት ባህል፣ በተማሪው ላይ እጁን ያነሣ አገልጋይ ሲገጥመው ስለ ምሕረት ማውራት መጀመሩ እጅግ ይገርመኛል።

ሌላም የተጣመመ ትምህርት አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች በስደት ዘመን የካደ ጳጳስ የሚፈጽመው ምሥጢር ዋጋ የለውም አሉ። ቤተ ክርስቲያን፣ በተለይም በአውግስጢኖስ አንደበት፣ የምሥጢሩ ባለቤት ክርስቶስ ስለ ሆነ በካህኑ ርኩሰት አይረክስም ብላ መለሰች። ውሳኔው ለምእመኑ የተሰጠ ዋስትና ነበር፤ ያጠመቀኝ ማን ኖሯል ብሎ እንዳይሸበር። ከጊዜ በኋላ ግን ዋስትናው ወደ ካህኑ ተዛወረ። ቅዳሴው የጸና ነው፣ ስለዚህ ቀዳሹም አይነካ ተባለ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ድልድይ የለም።

ስለ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ተጽፏልና አላስረዝምም። በ2002 የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ምርመራ ሲወጣ ሕዝቡን ያስቆጣው የካህናቱ ድርጊት ብቻ አልነበረም፤ አለቆቻቸው እያወቁ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ማዛወራቸው ጭምር ነበር። ካርዲናል በርናርድ ሎው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ2004 ግን በሮም የታላቁ የቅድስት ማርያም ባዚሊካ አለቃ ሆነው ተሾሙ። መልቀቅና መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። የፈረንሳይ ጳጳሳት በአንጻሩ በ2018 ከእነርሱ ነጻ የሆነ ኮሚሽን እንዲቋቋም ጠየቁ። በዣን ማርክ ሶቬ የሚመራው ይህ ኮሚሽን በጥቅምት 2021 ባወጣው ዘገባ ከ1950 ጀምሮ በካህናትና በመነኮሳት የተጠቁ ሕፃናት 216,000 ያህል እንደሚሆኑ ገመተ። ቁጥሩ የተገኘው በሕዝብ መካከል ከተደረገ ሰፊ ጥናት ስለ ሆነ ግምት ነው፤ አከራክሯልም። እኔ የማተኩረው በሚቀጥለው ወር በሉርድ በሆነው ላይ ነው። ጳጳሳቱ የግለሰቦች ጥፋት ብቻ አይደለም፣ የተቋሙም ነው ብለው ተቀበሉ፤ ለካሣውም የቤተ ክርስቲያን ንብረት እስከ መሸጥ እንደሚደርሱ አስታወቁ። ዘኬዎስ በቤቱ ቆሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ነገር ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል። መዳን ወደዚያ ቤት መግባቱ የተነገረው ገንዘቡ ከተጠራ በኋላ መሆኑን አስተውሉ።

ወደ ራሳችን ስመለስ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። የመጀመሪያው ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል፤ ይህን አንቀጽ የአገልጋይን ወንጀል ለመሸፈን ሲጠቀሙበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአስገድዶ መድፈር ወንጀል የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፤ በሽማግሌ ዕርቅም አይዘጋም። ሁለተኛው ሽምግልና ነው። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ የደም ቂምን ያበረደ ታላቅ ሥርዓታችን ነው። ነገር ግን የሚሠራው ሁለቱም ወገን ከኋላው ዘመድ፣ መሬትና ክብር ሲኖረው ነው። በእኛ ሸንጎ ልጅቱ ብቻዋን ነበረች፤ ሦስታችንም ከአገልጋዩ ጋር የምንበላ ሰዎች ነበርን።

ባለፈው ዓመት ያንን ወረቀት ከድሮ ማስታወሻዎቼ መካከል አገኘሁት። ልጅቱን ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃት አሰብሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን “አሁንም ከእርሷ ሌላ ይቅርታ ልትወስድ ነው?” አለኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ወደ እርሷ አልሄድሁም። ለአጥቢያው አስተዳደር ጽፌ፣ በዚያ ቀን “አለመግባባት” ብዬ የመዘገብሁት ሐሰት መሆኑን፣ ከሸምጋዮቹ አንዱ እኔ እንደ ነበርሁና ጉዳዩ እንዲመረመር የምፈልግ መሆኔን ገለጥሁ። የእርሷን ስም አልጠቀስሁም፤ የእኔን ጠቅሻለሁ። ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ቤት ገብቷል። መልስ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።