ዝንብ ማዕዳችን ውስጥ ስትወድቅ

በዛሬው ዝግጅታችን አንድ ወንድማችን ከባሕር ዳር ያቀረበልንን ጥያቄ እንመለከታለን።

ይህ ወንድም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር ጣና ዳር ዓሣ ሊበላ ይወጣል። ከመካከላቸው ሙስሊም ያልሆኑም አሉ፤ ዓሣ ማረድን ስለማይሻ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ታዲያ ጋባዡ በቀዳለት ሻይ ውስጥ ዝንብ ወደቀች። እርሱም «ነጃሳ ሆነ» ብሎ ደፋው። የጋባዡ ፊት ተለወጠ። «ያደረግኩት ትክክል ነበርን?» ሲል ይጠይቀናል።

በመጀመሪያ ሸሪዓዊ ፍርዱን እንመልከት። ዝንብ፣ ትንኝ፣ ንብና ጉንዳንን የመሳሰሉ የሚፈስ ደም የሌላቸው ነፍሳት ምግብ ውስጥ ወድቀው ቢሞቱ ምግቡን ነጃሳ አያደርጉትም። የብዙኃኑ ዑለማዎች አቋም ይህ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጠጥ ውስጥ የወደቀችን ዝንብ ነክረን እንድናወጣት አስተምረዋል፤ በአንደኛው ክንፏ በሽታ፣ በሌላኛው ፈውስ መኖሩንም ገልጸዋል። ትኩስ ነገር ውስጥ የተነከረች ዝንብ መሞቷ አይቀርም። በሞቷ መጠጡ የሚነጀስ ቢሆን ኖሮ ንከሩ ባልተባለ ነበር ሲሉ ዑለማዎች ያስረዳሉ።

ታዲያ የግድ መጠጣት አለበት ማለት ነውን? አይደለም። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት በቀረበላቸው ጊዜ በአገራቸው ያልለመዱት በመሆኑ ሳይበሉ ተዉት፤ ሐራም ግን አላሉም። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም (ረ.ዐ) እፊታቸው በሉ። ወንድማችንም ብርጭቆውን ፈቀቅ አድርጎ «ሌላ ቅዳልኝ» ቢል ይበቃው ነበር። ስህተቱ ነጃሳ ያልሆነን ነገር ነጃሳ ማለቱና የጋባዡን ልብ መስበሩ ነው።

ይህ ማለት ግን ዝንብን ችላ እንበል ማለት አይደለም። ዝንብ ከዓይነ ምድር ተነስታ ምግብ ላይ ታርፋለች፤ በእግሯ ጀርም ትሸከማለች፤ ምግቡንም በምራቋ አርሳ ትመጠዋለች። ተቅማጥን ታዛምታለች፤ በክልላችን ብዙዎችን ያጠቃውን ትራኮማ ከዓይን ወደ ዓይን የምታስተላልፍ የዝንብ ዓይነትም አለች። በሐዲሱ የተነገረው ስለወደቀች ዝንብ ነው። ከመውደቋ በፊት ያለው ሱና ዕቃን መክደን ነው፤ ይህም ኢማም ሙስሊም በዘገቡት የጃቢር (ረ.ዐ) ሐዲስ ታዟል።

ስለዚህ ሐይቅ ዳር ስንወጣ ዓሣ ከሚዘለዘልበት ራቅ ብለን ነፋስ ያለበትን ቦታ እንምረጥ። ምግቡን እጃችንን ታጥበን እስክንቀመጥ ድረስ እንክደነው። ፍሊት ምግብ አጠገብ አንንፋ። አጥንቱን በፌስታል ቋጥረን እንውሰድ፤ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃልና ዛሬ የጣልነው የሚቀጥለውን ሳምንት ዝንብ ያፈላል።

ለስላሳ ከጠርሙሱ ከመጠጣት በብርጭቆ መቅዳት ይሻላል፤ ንብ ወይም ተርብ ገብታ ጉሮሮ ልትነድፍ ትችላለች። ንብ ስትመጣ አናወናጭፍ። ንብንና ጉንዳንን መግደል በኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሐዲስ ተከልክሏል፤ ጉንዳን ከመጣ ምንጣፋችንን እናንሳ። ንብ የነደፈችው ሰው መንደፊያዋ ቶሎ ይነቀልለት። ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለባት። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ከመግሪብ በፊት መነሳቱ ለጤናም ለሶላትም ይበጃል።

ወንድማችን ሆይ፣ ባልደረባህን «አጥፍቻለሁ» በለው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ጋባዡ አንተ ሁን።

ወላሁ አዕለም።