ዕቃ የሚያኖር ቤት

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ የልብስ ሰፊዎች መኪና ሲንጣጣ በሚውልበት በመኪና ግርግር በኩል ያለፈ ሰው ጊደር መጋላ ይደርሳል። ሥጋ ቤቱ፣ ቅመሙ፣ ፍራፍሬው፣ ጫቱ እዚህ ነው፤ ከላይ ደግሞ ጭላቶች የሥጋ ቁራጭ እየጠበቁ ያንዣብባሉ። ከዚህ ግርግር ወደየትኛውም ቀጭን መንገድ ቢታጠፉ በግራም በቀኝም የሚያዩት ግድግዳና የግቢ በር ነው። ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ከውጭ የሚገምት የለም። በሩ ተከፍቶ ግቢውን አልፈው፣ ጫማ አውልቀው ሲገቡ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ በስፌት፣ በሸክላ፣ በእንጨት ገበታና በቀለም ሳህን የተሸፈነ አንድ ሰፊ ክፍል ይቀበልዎታል።

ይህ ሐረሪዎች ጌይ ጋር የሚሉት ቤት ነው። ጎብኚ ውበቱን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እኔ ግን ከውበቱ በላይ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ቤት ዕቃ ማኖር ያውቅበታል። ሦስትና አራት ትውልድ የተሻገረ ስፌት ዛሬም ቀለሙ ሳይለቅ የሚገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ጠባቂ ሆኖ ነው የተሠራው። ዕቃዎቹ ከዚህ ቤት ወጥተው ሲሚንቶ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም ወይም ቶሮንቶ ያለ አፓርታማ ሲገቡ በጥቂት ዓመት የሚጎሳቆሉትም ለዚሁ ነው፤ ዕቃው ሄደ እንጂ ጠባቂው አብሮት አልሄደም።

እስቲ ቤቱን እንተዋወቀው። ዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ። የቤቱ አባወራና ትልልቅ ሰዎች የሚቀመጡበት አሚር ነደባ ነው፤ ጊድር ነደባ ለቤተሰቡና ለእንግዳ፣ ሌሎቹም እንደየማዕረጋቸው። ወለሉና የመደቦቹ ፊት በቀይ አፈር ይቀባል፤ በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ግድግዳው ውስጥ ጣቄት የሚባሉ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ተፈልፍለዋል። ቁርኣኑና ኪታቡ ከሰው እጅና ከእግር መንገድ ርቆ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የጥቅሉ ቁጥር ለአቅመ ሔዋን የደረሱትን የቤቱን ሴት ልጆች ይናገራል የሚሉም አሉ።

አሁን ይህንኑ ቤት በቅርስ ጥገና ባለሙያ ዓይን እንየው። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ነው። ቀን የበረታው ፀሐይ ሌሊት ከሚመጣው ብርድ ጋር ቢፈራረቅም ውስጡ ብዙ አይለዋወጥም። ሣር፣ እንጨት፣ ቆዳና ወረቀት እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። አንድ ጊዜ ማበጡ አይገድላቸውም። የሚገድላቸው በየቀኑ ማበጥና መኮማተሩ ነው፤ ስፌቱ የሚላላው፣ ገበታው የሚሰነጠቀው፣ የመጽሐፉ ቆዳ የሚቆለመመው በዚህ ነው። ሙዚየሞች የአየሩን እርጥበት ሃምሳ በመቶ ገደማ ላይ ለማቆየት በመሣሪያ ይደክማሉ። ጌይ ጋር ይህን ሥራ ለግድግዳው ሰጥቶታል።

ብርሃኑም እንዲሁ ነው። ክፍሉ ዋናውን ብርሃን የሚያገኘው ወደ ግቢ ከሚከፈተው በር ነው። ፀሐይ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አታርፍም። ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት የሚድን ቁስል አይደለም፤ የለቀቀ ቀለም ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ አይመለስም፣ ጉዳቱም እየተጠራቀመ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሙዚየሞች ወረቀትና ጨርቅ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ከ50 ሉክስ እንዳያልፍ የሚያደርጉት። እኩለ ቀን ላይ የደጁ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። በትልቅ መስታወት መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ስፌት በአንድ በጋ የሚያጣውን፣ ጌይ ጋር ውስጥ ያለው በብዙ ዓመት አያጣውም።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ አንድ አሮጌ የግድግዳ ስፌት ማውረድ ይበቃል። ፊቱን አይተው ይገልብጡት። ጀርባው ላይ ያለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ትናንት የተነከረ ይመስላል፤ ፊቱ ላይ ሐምራዊው ወደ ግራጫ፣ ሮዙ ወደ ገለባ ቀለም ሄዷል። የዱቄት ቀለም ከገበያ መገዛት ከጀመረ ወዲህ የተሠሩት ደማቅ ናቸው፤ ቶሎ የሚሸሹትም እነሱ ናቸው። ቀጥለው ጠርዙን ይዩት። ውስጡ የሣር እስር አለ፤ በላዩ ላይ የተነከረው ሣር እየተጠመጠመ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው ዙር ጋር ተሰፍቷል። ከላይ ማንጠልጠያው አለ። የስፌቱ ክብደት በሙሉ ለዓመታት ያረፈው በዚያች አንዲት ቀለበት ላይ ነውና አካባቢው ተስቦ ክቡ ወደ ሞላላነት አዘንብሏል። በተሠራበት ዘመን ማንም አላጠፋም፤ ሸክሙ ነው። ከማንጠልጠያው ሌላ ከታች በሁለት ቦታ የሚደግፈው ትንሽ እንጨት ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ምስማር ቢደረግለት ያርፋል። በየጥቂት ወሩ አቅጣጫውን ማዞርም ይረዳል።

ስፌት በውሃ አይታጠብም። ቀለሙ ይለቅና ወደ ጎረቤቱ ይገባል፣ የሣሩ እስርም ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። አቧራውን ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ያነሳዋል፤ ሌላ አያስፈልግም። ቫርኒሽ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ዛሬ ያበራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይሰነጣጠቃል፣ ሣሩን ሳይጎዳ የሚያስለቅቀውም የለም። የተፈታ ዙር ካለ ስፌት ወደምትሰፋ ሴት መውሰድ ነው። ልጃገረዶች ከትልልቅ ሴቶች ዘንድ ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ሞይ ጋር ድሮ እንደነበረው ባይሆንም፣ እጁ ያላቸው እናቶች በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ አሁንም አሉ።

ቤቱ ጠባቂ ነው ስል እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ዕጣን በየቀኑ ይጨሳል። ጭሱ ተባይ ያባርራል ተብሎ ይታመናል፤ ጥቂት ያርቅ ይሆናል፣ ግን የሚጣበቅ ጥላሸት ስፌቱና ኪታቡ ላይ እየጣለ ነው። ማጨሻውን ከግድግዳው አርቆ ወደ በሩ ማስጠጋት ሁለቱንም ያስማማል። ለረመዳን ቤት ሲታደስና ኖራ ሲቀባም ዕቃው ሁሉ ይወርዳል፣ ይደራረባል፤ በዚያ ሳምንት ስብራት በቀላሉ ይደርሳል። ዕቃውን በአቡጀዲ እየሸፈኑ ከባዱን ከሥር፣ ቀላሉን ከላይ ማድረግ፣ ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅም አለመስቀል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሲሚንቶ ነው። የጭቃና የኖራ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ በክረምት የጠጣውን በበጋ ይተፋል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣቄቱ ውስጥ ሻጋታ ይታያል። ቤቱን አሳምራለሁ ያለ ሰው ጠባቂውን ያሳምመዋል። ጁገል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ስለ ግንቡና ስለ 82 መስጊዶቹ ብቻ አይደለም፤ የእነዚህ ቤቶች የውስጥ አሠራርም አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቤቱ ልስን የዕቃው ጉዳይ ነው።

ወደ መጽሐፉ ስንመጣ ሐረር የራሷ ባለሙያ አላት። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በግላቸው ቅርስ መሰብሰብ ጀመሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸውን ለሕዝብ ከፈቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ሙዚየም ተባለ። በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ገደማ ደግሞ የክልሉ መንግሥት ከጊደር መጋላ ብዙም የማይርቀውን፣ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ባለ እንጨት ሰገነት ሕንፃ ሰጣቸው። ዛሬ እዚያ ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥ፣ የጦር መሣሪያና የድሮ ዘፈን ቅጂዎች አሉ። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ስብስቡ አይደለም። ሊጠፋ የተቃረበውን የሐረር መጽሐፍ መጠረዝና መደጎስ ሙያ ራሳቸው ተምረው ለወጣቶች ማስተማራቸው ነው። ዕቃ የሰበሰበ ብዙ ነው፤ ዕቃውን የሚጠግን እጅ አብሮ የሰበሰበ ግን ጥቂት ነው።

የሐረር ኪታብ በቆዳ ተደጉሶ፣ ከግራ ሽፋኑ ላይ የምትዘረጋ ምላስ አለችው፤ ምላሷ ታጥፋ የገጾቹን ጠርዝ ትሸፍናለች። ጌጥ ብትመስልም ሥራ አላት፤ አቧራና ነፍሳት ከፊት በኩል እንዳይገቡ ታግዳለች። በቤት ያለ ኪታብ ምላሷ ከጠፋች በንጹሕ አቡጀዲ መጠቅለል ነው። ብዙዎቹ የተጻፉት ከጣሊያን በመጣ ወረቀት ላይ ስለሆነ አንዱን ገጽ ወደ ብርሃን ቢያነሱት ሦስት ግማሽ ጨረቃ ተደርድሮ ይታያል። ወረቀቱ ጠንካራ ነው። ደካማው ጥላሸትና ሙጫ ተደባልቆ የተሠራው ቀለም ነው፤ ላብ ያለበት ጣት እንኳ ያንቀሳቅሰዋል። እጅ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይያዝ። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲጋደም አይጫኑት፤ በሁለት ወገን ትራስ ደግፈው እስከሚፈቅድልዎ ድረስ ብቻ ይክፈቱት። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች የሚለጥፍ ሰው መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ይቀደዋል፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ እድፉ ግን ይቀራል።

የብረት ነገር አጭር ነው። የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው፣ መሐለቅ የሚባሉት ሳንቲሞች ስስና ትናንሽ ናቸው፤ ጽሑፉ ገና ሲመታም ጥልቀት አልነበረውም። በሎሚና በአሸዋ ወይም በብራሶ የወለወላቸው ሰው ያነጣው ብረቱን ነው፣ ያጠፋው ደግሞ ታሪኩን። እንዳሉ ይቀመጡ። ጠገራ ብርም እንደዚያው። የብር ጌጥ የሚጠቁረው አየር ውስጥ ባለ ድኝ ነው። ሱፍ ጨርቅና ጎማ ያባብሱታል፤ የላስቲክ ገመድ ፈጽሞ አይቅረበው። መዳብና ነሐስ ላይ ዱቄት መሳይ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየ ግን እርጥበትና ጨው ገብቶበታልና ከሌሎቹ ለይቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ጨርቅ ላይ የጥንቱ ቤት ከአዲሱ ቡፌ ይበልጣል። የሐር ቀሚስና ሻሽ ታጥፎ ሲቀመጥ እጥፋቱ ላይ ክሩ ይበጠሳል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ የሚጠቀለልበት ልማድ ሙዚየሞች ዛሬ የሚመክሩት ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ በለበሰ ወፍራም ቱቦ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ መጠቅለል። በፌስታል ማፈን ግን እርጥበት ያስቀራል።

ብል ወይም ነቀዝ ከገባስ? ፍሊት መርጨት ቀለምን ያበላሻል፣ ሰውንም ይጎዳል። ትንሽ ስፌት ወይም ጨርቅ ከሆነ አየር በማያስገባ ፌስታል አጥብቆ አስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ትሉንም ዕንቁላሉንም ይገድላል። ሲወጣ ፌስታሉ ሳይፈታ አንድ ቀን መቆየት አለበት፤ ጠሉ ፌስታሉ ላይ ይረፍ እንጂ ዕቃው ላይ እንዳያርፍ። ለሸክላ፣ ለተቀባ እንጨትና ለዛጎል ጌጥ ግን ይህ አይሆንም። ምስጥ ከሆነ የመጣው ዕቃው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ነውና መንገዱን መፈለግ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ሐረሪዎች ሌላ ፈተና አለባቸው። በቶሮንቶ ክረምት ማሞቂያው የክፍሉን አየር ያደርቃል፣ ከሐረር የሄደው ገበታና ስፌት ይሰነጠቃል። ከራዲያተር በላይ ካለው ግድግዳ ማውረድ፣ ከውጭው ግድግዳ ይልቅ የውስጠኛውን መምረጥ፣ ክፍሉ ውስጥ እርጥበት መለኪያ ማኖር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሕጉን ነገር ሰው ሁሉ አያውቀውም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲኖር ይፈቅዳል። ባለቤቱ ግን እንዲያስመዘግበው፣ በራሱ ወጪ እንዲጠብቀውና ለጥገናም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። መመዝገብ ዕቃዬን ያስወስድብኛል ብለው የሚሸሹ አሉ። እኔ የማስበው ተቃራኒውን ነው፤ የተሰረቀ ዕቃ ድንበር ላይ ቢያዝ የእኔ ነው ለማለት ማስረጃ የሚሆነው መዝገቡ ነው።

መዝገቡ በቤትም ይጀመር። እያንዳንዱን ዕቃ ከፊት፣ ከጀርባና ጉዳት ባለበት በኩል አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ማንሳት፤ ከዚያም ማን ሰፋው፣ ለማን ሰርግ፣ ከየትኛው ቤት መጣ የሚለውን ከአያት ጠይቆ ጽፎ ማስቀመጥ። ቁጥሩ ዕቃው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ በእርሳስ በጻፉት ካርድ ላይ ሆኖ በጥጥ ክር ይታሰር። የፎቶዎቹ አንድ ቅጂ ከዚያ ቤት ውጭ፣ ሌላ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። አያቶች ካለፉ በኋላ ስፌቱን ማን እንደሰፋው የሚነግር ሌላ ነገር አይኖርምና ከዕቃው ሁሉ በፊት መጀመር ያለበት ይህ ጥያቄ ነው።