የበርበሬ ችግኝና የቁመቱ ነገር

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአማኑኤል አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ የምትገኝ ስትሆን፣ መሬቷ ከደብረ ማርቆስ ዝቅና ሞቅ ያለ በመሆኑ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቡሬና ከወምበርማ ጋር በርበሬ አብቃይ ከሆኑት የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች መካከል ትቆጠራለች። ስለ በርበሬ ሲነሳ የሚወራው ግን ስለ ዛላው ቅላት፣ ስለ ማቃጠሉና ስለ ገበያ ዋጋው ነው፤ ተክሉ ማሳ ከመግባቱ በፊት በመደብ ላይ የሚያሳልፋቸው ሳምንታት ምርቱን ምን ያህል እንደሚወስኑ የሚናገር ጥቂት ነው።

በርበሬ ከቲማቲም፣ ከድንችና ከትምባሆ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅ ሲሆን ትውልዱ አሜሪካ ነው። ዝናብን ጠብቆ ለሚለማ በርበሬ ዘሩ ከክረምቱ መግቢያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ መደብ ላይ፣ ማለትም ለችግኝ ማፍያ ተለስልሶ ከፍ በተደረገ መሬት ላይ ይዘራል። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረው አራሚው መደቡን ሳይረግጥ ከግራም ከቀኝም መሃሉን በእጁ እንዲደርስበት ነው። ረድፎቹ በ15 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ ዘሩም ስስ አፈር ከለበሰ በኋላ በሳር ይጎዘጎዛል፣ ውሃም ጠዋትና ማታ ይጠጣል።

ብዙ መደብ የሚበላሸው በዚሁ በጉዝጓዙ ነው። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳሩን ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው፣ አንገቱን ቆልምሞ፣ አንዳንዱም የዘሩን ቅርፊት እንደ ተሸከመ አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣ ነጣ ያለ ግንድ ያገኛል። ሳሩ በዚያው ቀን መነሣት ሲኖርበት፣ ለማንሣት የዘገየ ገበሬ ችግኙን በጨለማ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ እንዲመዘዝ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ የተመዘዘ ግንድ ደግሞ ኋላ ተመልሶ አያጥርም። ሳሩ ከተነሣ በኋላ ከሐሩርና ከበረዶ ለመከላከል 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚሠራው ዳስም ቀስ በቀስ እየሳሳ መሄድ አለበት፤ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መንቀያው ቀን ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ የሚቆይ ዳስ ያደከመው ችግኝ ፀሐይ ካደከመው ይበዛል።

ስለዚህ ችግኝ ከተያዙት የተሳሳቱ እምነቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ግን ረጅም ችግኝ ጠንካራ ችግኝ ነው የሚለው ነው። ተጨናንቆ የበቀለ ችግኝ የሚረዝመው ስለ ተመቸው ሳይሆን ስለ ተሻማ ነው። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ክፍል አብዝቶ ሲወስድ፣ ከቀይ ወዲያ ያለውንና የሰው ዓይን እምብዛም የማይለየውን ጨረር ያሳልፋል፣ ያንጸባርቃልም፤ ስለዚህ በጎረቤት ቅጠሎች የተከበበ ችግኝ የሚደርሰው ብርሃን ሚዛኑ ወደዚህኛው ጨረር ያጋደለ ይሆናል። ይህን የሚለየው ፋይቶክሮም የተባለ በተክሉ ውስጥ የሚገኝ ብርሃን አንባቢ ፕሮቲን ሲሆን፣ የአሠራሩን ፍንጭ እ.ኤ.አ. በ1952 እነ ሃሪ ቦርትዊክና ስተርሊንግ ሄንድሪክስ በአሜሪካ አሳውቀዋል፤ እነርሱም ቀይ ብርሃን የሰላጣን ዘር እንደሚያበቅል፣ ከቀይ ወዲያ ያለው ጨረር ደግሞ ያንኑ ትእዛዝ እንደሚሽር በሙከራ አሳዩ። እጅግ የሚያስደንቀው ችግኙ ገና ጥላ ሳያርፍበት፣ ከጎረቤት ቅጠል ተንጸባርቆ በሚመጣው ጨረር ብቻ ሽሚያ መቅረቡን ዐውቆ መርዘም መጀመሩ ነው፤ ለግንዱ ውፍረትና ለሥሩ መስፋት የሚውለውን ጉልበት ሁሉ ያኔ ለቁመት ያውለዋል።

ይህ ሳይታወቅ ሲቀር፣ የቀጠነውንና የገረጣውን ችግኝ ያየ ሰው ተክሉ የተራበ መስሎት ዩሪያ ይጨምርለታል። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ደግሞ የለሰለሰ ቅጠልና ግንድ ስለሚያበዛ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ውሃ ሲታከልበትም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ግንዱን ከሥሩ እያበሰበሱ ችግኙን በጅምላ ይጥሉታል። ትክክለኛው ሕክምና የሚጀምረው ከማሳሳት ነው፤ አሥር ደካማ ችግኝ ለማትረፍ ሲባል አምስቱን ጠንካራ ማጣት ከንቱ ቁጠባ ነው።

ቀጥኖ የረዘመውን ችግኝ ገና በሕፃንነቱ ማዳን ይቻላል። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም መጀመሪያ ከዘሩ ይዟቸው ከወጣው ሁለት ክክ ቅጠሎች በላይ የራሱን ቅጠሎች ሲያበቅል፣ መደቡን ውሃ አጠጥቶ ከነአፈሩ በማንሣት ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ወይም ግርጌው ወደ ተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ማዛወር ነው። የሚያዘውም በቅጠሉ ነው፤ የተቀነጠሰ ቅጠል ይተካል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ግን አይተካም። ቲማቲም ከግንዱ በቀላሉ ሥር ስለሚያወጣ በጥልቀት ቢቀበር ይጠቀማል፤ በርበሬ ግን በዚህ ረገድ ሰነፍ ስለሆነ እስከ ክክ ቅጠሎቹ ድረስ መቅበሩ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ በረጠበ አፈር ውስጥ የገባ ግንዱም ለመበስበስ ይጋለጣል። ዕድሜው የገፋውን ረጅም ችግኝ ጫፉን ቀንጥቦ ማስቀጠል ቢቻልም አበባው ይዘገያል፤ ዝናቡ መስከረምን አልፎ እየሳሳ በሚሄድበት አገር ይህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ከመነቀሉ በፊት ባሉት ከሰባት እስከ አሥር ቀናት ውሃው ይቀነሳል፣ ዳሱም ጨርሶ ይነሣል፤ ይህ ማጠንከር የሚባለው ሥራ ችግኙን ከነፋስና ከፀሐይ ጋር ያላምደዋል። የሚያሳዝነው እንዲህ የተደከመበት ችግኝ በእስር ታስሮ ገበያ ሲወጣ ሥሩ ለፀሐይ ተሰጥቶ መዋሉ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በቅጠል መጠቅለል ምንም ወጪ የለውም። በ70 ሳንቲ ሜትር ረድፍና በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለሚተከል 1 ሄክታር መሬት ከ47 ሺህ በላይ ችግኝ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ችግኝ የሚገዛ ገበሬም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን፣ ግንዱ የወፈረውንና ሥሩ ያልደረቀውን መርጦ እንዲወስድ፣ ረጅሙን እስር ግን ርካሽ ቢሆንም ለሻጩ እንዲተውለት ይመከራል።