ጥርስን በመስተዋት ስለ መመልከት

ሰው መስተዋት ሲይዝ ጠጕሩን ያበጥራል፥ ልብሱንም ያስተካክላል፤ አፉን ከፍቶ መንጋጋውን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ጥርስ የሚታሰበው ባመመ ቀን ነውና። ነገር ግን ጥርስ መበላት ሲጀምር አያምም። የውጭው ሽፋኑ ከአጥንት ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ሕመምን የሚያስታውቅ ነርቭም የለበትም። ሕመሙ የሚመጣው ጕዳቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚጠብቅ ሰው፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ይደርስበታል።

በቀድሞ ዘመን ሰዎች ጥርስን ትል ይበላዋል ይሉ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚል አይጠፋም። ዊሎቢ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በበርሊን ከተማ የመረመረውን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው የተነቀለ ጥርስ ዳቦ ወይም ስኳር ከተጨመረበት ምራቅ ውስጥ አግብቶ፥ በሰውነት ሙቀት ልክ ባኖረው ጊዜ ጥርሱ ለሰለሰ፤ ሥጋ በተጨመረበት ምራቅ ያኖረው ግን አልለሰለሰም። እንግዲህ ጥርስን የሚጐዳው ትል አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከጣፋጭና ከእህል ትራፊ የሚሠሩት ኮምጣጣ ነገር ነው።

ጥርሱን በወር አንድ ጊዜ ሊመረምር የሚወድ ሰው አስቀድሞ እጁን ይታጠባል፤ ጥርሱን በመፋቂያ ወይም በቡርሽ ያጸዳል፥ ይጕመጠመጣልም። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ብርሃን መልሶ ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃል። ማድረቁ ከንቱ ድካም አይደለም፤ የመበላት መጀመሪያው ምልክት በድድ አጠገብ የሚታይ እንደ ኖራ የነጣ ነጥብ ነውና፥ ጥርሱ እርጥብ ሲሆን ይሰወራል። ይህ ነጥብ ገና ቀዳዳ አልሆነም። ጣፋጭ ነገር ቢቀነስ፥ ጥርሱም ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና በየቀኑ ሁለት ጊዜ ቢታጠብ፥ ተመልሶ ሊጠነክር ይችላል። ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን ራሱ አይሞላም።

ቡናማ ሆኖ የታየ ሁሉ የተበላ አይደለም። ቡናና ሻይ ጥርስን ያጠቍራሉ። በስምጥ ሸለቆ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ደግሞ የጕድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለ በዛበት፥ ያንን ውሃ እየጠጣ ያደገ ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው፤ ይህን አይቶ ጥርሱን አላጸዳም ብሎ ሰውን መንቀፍ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የአንድ መንጋጋ ነገር ነው። ልጅ ስድስት ዓመት ያህል ሲሆነው፥ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ፥ ከላይም ከታችም፥ በቀኝም በግራም አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ለእርሱ ብሎ የሚወልቅ የወተት ጥርስ ስለሌለ ብዙ ጊዜ መውጣቱን ማንም ልብ አይለውም። ሲበላም እናት፥ «ይህስ የወተት ነው፥ ሌላ ይተካዋል» ትላለች። እርሱ ግን እስከ ሽምግልና ሊያገለግል የመጣ ጥርስ ነው፤ ከጠፋ ምትክ የለውም። በላዩ ጠባብና ጐድጓዳ መሥመሮች ስላሉበት የእህል ትራፊ ይደበቅበታል፥ ቶሎም ይበላል። ልጁ ከፊት ጥርሱ መካከል ጀምሮ ወደ ኋላ ቢቈጥር ስድስተኛ ሆኖ ያገኘዋል። የላይኛውን ልጅ ራሱ አጥርቶ ማየት አይችልምና እናቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ታይለት።

መስተዋት በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን አያሳይም። ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ የሚቀረቀር ቢሆን፥ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ማር አንዱን ጥርስ ቢጠዘጥዘው፥ ቀዳዳ አለበት ተብሎ ይጠረጠራል። በመርፌ ወይም በስንጥር መቈስቈስ ግን ክፉ ነው፤ የለሰለሰውን ሽፋን ይሰብረዋል። ምንም ነገር ባይታይ እንኳ ሐኪሙ በቀጠረው ቀን መሄድ አይቀርም።

ጥቍር ነጥብ አይቶ ጉጠትን በመፍራት ዝም የሚል ልጅ ብዙ ነው። ትንሹን ቀዳዳ ግን ሐኪም አጽድቶ ይሞላዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ጉጠት የሚደርሰው እንዲህ ዝም የተባለለት ጥርስ ነው። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሣል፥ ቀዳዳውን ግን አይዘጋም። ጕንጭ ቢያብጥ፥ ከድድ መግል ቢወጣ ወይም ትኵሳት ቢጨመር፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።